ረቡዕ የማይበላ ድመት

ውድ ኮከብ፣

ድመት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስትሄጂም ነግሬሻለሁ። ሻንጣሽን አገር ቤት ባጃጅ የምንለው ረክሻ ላይ ጭነሽ፣ አንድ እግርሽ መሬት አንድ እግርሽ ረክሻ ላይ ሆኖ፣ «እየሩስ፣ ዳኘውን አደራ! እናቴን አይቼ ከመስቀል በኋላ እመለሳለሁ» ስትይኝ፣ «እኔ ራሴ መች ጠግቤ በላሁና ነው ድመት የማበላው?» ብዬሽ ነበር። አንቺ እቴ ሳቅሽብኝ። «ራሒማም አለች፣ ተጋገዙ። ብቻ ረቡዕና ዓርብ ሥጋና ወተት እንዳትሰጡት፤ ከኔ ጋር ለምዷል፣ አይበላም» አልሽ። «ምነው፣ ልታቆርቢው አስበሻል እንዴ?» አልኩሽ። ረክሻው እስኪታጠፍ ድረስ ሳቅሽ ይሰማኝ ነበር።

እንግዲህ ስለ ድመትሽ ልንገርሽ። ሌላውን ነገር ለመጻፍ ድፍረቱ የሚመጣልኝ በእሱ በኩል ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ደህና ነበርን። እኔ ጎህ ሲቀድ ወደ ሰሊጥ መጋዘኑ እሄዳለሁ፤ ቀን ቀን የምታየው ራሒማ ናት። ታውቂያታለሽ፣ የግቢው በር ላይ ባለችው የልብስ ሱቋ ተቀምጣ ደንበኛ ከሚመጣላት ችግረኛ ቢመጣላት ደስ የሚላት ሴት ናት። «ና ከዲስ፣ ና» እያለች፣ ድመትን በዓረብኛ እየጠራች፣ የሥጋ ቁራጭ ታቀርብለታለች። በሌላው ቀን እግሯ ሥር እየተንከባለለ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ግን ያሸተውና ዞር ይላል። ሄዶ የተቆለፈው በርሽ ፊት ቁጭ። ልክ አንቺ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያቺን የቆርቆሮ ሳህን በቀለበትሽ መትተሽ «ተፈታ!» እስክትይው እንደሚጠብቀው። እኔ ከቤት የለሁ፤ ራሒማ እንደሆነች እስላም ናት፣ የኛን ጾም አትቆጥርም። ቀኑን ከማን ያውቀዋል? «ይህ ከዲስ ቄስ ነው እንዴ?» ትለኛለች። እንስቅ ነበር፤ ሳቃችን ግን ከአንገት በላይ ነበር።

መስቀል አለፈ። ስልክሽ አይጠራም። ከዶካ ወዲያ ወደ አገር ቤት ያለው መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲሉ ነገ ተዘጋ ይባላል። ገናም አለፈ። በጥር ያ ከእርሻ እርሻ እየዞረ የሚከርመው የመተማው ሰው፣ ይታያል፣ መጣ። ግባ ብለው አልቀመጥም አለ። በር ላይ እንደቆመ፣ «ከዶካ ወዲያ አንዲት ሴት ከሎሪ አውርደው መንገድ ዳር ቀበሯት አሉ» አለኝ። «የኛ አገር ሰው ናት አሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ ማተብ ያሰረች።»

«ፊቷን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ልትነግረኝ መጣህ?» ብዬ ጮህኩበት፣ ምስኪኑ ላይ። ሰማያዊ ማተብ ያሰረች ሴት በዚህ አገር አንቺ ብቻ ነሽ?

ወሬው ግቢውን አዳረሰ። በሳምንቱ ኢስሃቅ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የቤቱ ባለቤት፣ መጣ። ክፉ ሰው አልልም። እህቱ አማል ጦርነቱን ሸሽታ ልጆቿን ይዛ መጥታበት፣ ቤቱ ሞልቶ በረንዳ ላይ ነው የሚያድሩት። በዚያች አማርኛና ዓረብኛ በተቀላቀለች አነጋገሩ፣ «ያ እየሩስ» አለኝ፣ «ኮከብ ልጄ ነበረች፣ ወላሂ። ግን ሞታለች ይላሉ። የሞተ ሰው ቤት ተቆልፎ፣ በሕይወት ያለ ሰው ውጭ ይደር?» የኛዎቹ ሴቶች ደግሞ «ይለቀስላት እንጂ፣ እስከ መቼ ሜዳ ላይ ትቀራለች» ይሉኝ ጀመር። ማልቀስ ማለት ግን መጨረስ ነው፣ ኮከብ። አንዴ ካለቀስንልሽ ብትመጪ እንኳ የምትገቢበት በር የለሽም። እምቢ አልኩ። እምቢ የምልበት ምክንያት ግን በእጄ አልነበረም።

ያኔ ነው ዳኘው ሰኞ ዕለት አልበላም ያለው።

ሰኞ! ራሒማ ሥጋውን ብታቀርብለት አሸተተና ዞር አለ። ማታም እንዲሁ። ማክሰኞ ጠዋት ግቢው የሰው ልጅ የታመመ ያህል ተሸበረ። ራሒማ ጉበት ገዝታ መጣች። ኢስሃቅ ሳይቀር ከመፋዛ የመጣ የወንዝ ዓሣ በላስቲክ ቋጥሮ አመጣ፤ የበግ መድኃኒት የሚሸጠውን ሰውዬም አማከረ። እኔ ደግሞ «አንተ ልክስክስ፣ እሷ ስትመጣ ምን ልበላት? ብላ!» እያልኩ እጮህበታለሁ። ወይ ፍንክች! በርሽ ፊት ተቀምጦ፣ ጆሮውን ወደ ውስጥ አቁሞ፣ ውስጥ ያለ ሰው የሚነግረውን የሚሰማ ይመስል ነበር።

በዚያው ቀን መጋዘን ውስጥ ምሳ ደረሰና እርጎና ዳቦዬን አውጥቼ፣ ጆንያ የሚሸከመውን ባንታምላክን ና ብላ አልኩት። ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ነነዌ ነው እኮ! ትናንት አይደል የገባ? ረሳሽው?»

ዳቦውን መልሼ ቋጠርኩት። ረስቼዋለሁ። ስልኬ ተበላሽቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩም ሰንብቼ፣ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆኖብኝ ነበር። ክርስትና የተነሣሁት እኔ የረሳሁትን ጾም ድመትሽ ሲጾመው ነበር። ማን ነገረው?

ማታ ለራሒማና ለኢስሃቅ ነገርኳቸው። ራሒማ ክንዷን ገልጣ አሳየችኝ፤ ፀጉሩ ቆሟል። በኋላ እሷው ቀስ ብላ፣ «የሞተ ሰው አይጾምም» አለች። «ኮከብ የሆነ ቦታ ቁጭ ብላ እየጾመች ነው። ይሄም አብሯት ይጾማል።»

ኢስሃቅ ዳኘውን ትክ ብሎ አየው። «እንስሳ አይዋሽም» አለ። «ከዲሱ እስከጾመ ድረስ ያንን በር አልከፍተውም። ኸላስ፣ አለቀ።»

ድመትሽን መውደድ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ መሰለኝ። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር፤ ራሒማ ጾመኛ፣ እኔ ጾመኛ፣ ድመቱ ጾመኛ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የአማል ልጆች እየተሽቀዳደሙ በሰሊጥ ዘይት የራሰ እንጀራ ያመጡለታል። ከሳ፣ ጎድኑ ተቆጠረ። ሌላ ሰው ያዝንለት ነበር፤ እኔ ግን በክሳቱ ደስ አለኝ። ያንን አጥንት ብቻ የቀረ ጀርባ ስዳስስ አንቺ ያለሽ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። ሰው ሁሉ የሚናፍቀውን ፋሲካ እኔ ፈራሁት። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፤ ሁሉም ይበላል። ዳኘውም በላ። አንቺም እንደ ሰው ሁሉ ፈስከሽ ይሆናል፤ ሞተሽም ይሆናል። በምን ልለየው?

በዚያው ሰሞን ነው ድምፁን የሰማነው። ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያንቃቃው፣ ሰው ሁሉ ጥላ ይዞ ጭጭ ባለበት ሰዓት፣ ከተቆለፈው ክፍልሽ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቀለበትሽ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ያው ድምፅ። ራሒማ «ቢስሚላህ፣ ጂኒ ነው!» አለች። እኔም የቀትር ጋኔን ልል ስል አፌን ያዝኩ። ኢስሃቅ ተጠርቶ መጥቶ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ። «ከዲሱ ነው» አለ፤ ጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ገብቶ ሳህኑን ወለሉ ላይ ይገፋዋል። እፎይ አልን። እኔም አየሁ። አልጋሽ፣ ሚስማር ላይ የሰቀልሽው ነጠላሽ፣ ሁሉም አቧራ ለብሷል። ሳህኑ ብቻ ያበራል፣ አሁን የታጠበ ይመስላል። ልሶት ነው አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ግንቦት ሲገባ ግን ዳኘው በርሽ ፊት መቀመጡን ተወ። በዚያ በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎም አያይ። ዝናቡም ጀመረ። የአማል ትንሿ ልጅ በረንዳው ላይ ወጨፎ እያገኛት ማሳል ያዘች፤ ከአጥሩ ወዲያ ሳሏ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። ኢስሃቅ አልጎተጎተኝም። «ሃምሳችሁ ያልቅና መጀመሪያ የሚመጣው ረቡዕ» አለኝ ብቻ። «ከበላ አልቅሱላት፣ አማል ትገባለች። ካልበላ እጠብቃለሁ።» የሐዋርያትን ጾም የቄስ ነው እያልሽ ስለማትይዢው ሰኞና ማክሰኞን አልቆጠርናቸውም።

ያ ረቡዕ ዛሬ ነው።

ሥራ አልሄድኩም። ራሒማ ዕቃ ልታመጣ ገበያ ወጥታለች፤ ኢስሃቅና አማል ረፋድ ላይ እንመጣለን ብለዋል። ወተቱን በራሴ ሳህን ቀድቼ ደፉ ላይ አስቀመጥኩት። ዳኘው መጣ። አሸተተው። ቀና ብሎ አየኝ። «ዞር በል» አልኩት። «በሞቴ፣ ዞር በል።»

ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ሁሉንም ጠጣው፣ ኮከብ።

አላለቀስኩም። ሳህኑን አንስቼ በቀሚሴ ጠረግኩና እንደገና ወተት ሞላሁት። ኢስሃቅና አማል ሲገቡ ሳህኑ ሙሉ ነው፤ ዳኘው አጠገቡ ጋደም ብሏል። «አልነካውም» አልኩ። ኢስሃቅ «ሱብሃነላህ» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንስሳ አይዋሽም ብሎ ነበር። እኔ ዋሸሁ።

አማል ግን ወደ ድመቱ ጎንበስ አለች። ጢሙ ላይ ወተት አለ። እኔ ያየሁት ያኔ ነው፤ እሷም አየችው። ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ከአጥሩ ወዲያ ልጇ ትስላለች። ሲሸሹ ባሏ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እሱም እንዳንቺ ስልክ የለው፣ ወሬ የለው። ሁለት ቃል ብትናገር ቤቱ የሷ ነበር። አማል የለበሰችውን ቶብ ጫፍ ይዛ የዳኘውን አፍ ጠረገችው። ከዚያ ወንድሟን «በል እንሂድ» አለችው።

ከሄዱ በኋላ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ማታ ልጆቿን እኔ ክፍል አመጣቸዋለሁ፤ ጠባብ ናት፣ ግን ዝናብ አይገባባትም። እንዲያው ቁጭ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ወባ ሲጥለኝ፣ ዓርብ ዕለት ነው፣ ወተት አፍልተሽ አመጣሽልኝ፤ ጾም ነው ብዬ አፌን ስዘጋ «የታመመ ይፈስካል፣ ጠጪ!» ብለሽ አገጬን ይዘሽ አጠጣሽኝ። ለዚያ ሁሉ ማስታመምሽ አንድ ቀን እንኳ ተባረኪ አላልኩሽም። እህቴ ነሽ አላልኩሽም። ምናልባት አንቺም ታመሽ ይሆናል። ምናልባት ከማታውቂው ሰው ቤት ተኝተሽ፣ አንዲት ሴት አገጭሽን ይዛ ታጠጣሽ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ጠጪ እቴ፣ እግዜር አይቀየምሽም።

ይህን ደብዳቤ የት ብዬ ልላከው? በበርሽ ሥር አሾልኬ አስገባዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት እየሆነ ነው። ይኸው አሁን ከክፍልሽ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ዳኘው ግን እዚህ ነው፣ እግሬ ላይ ተኝቷል። ጆሮውን አቁሟል። አጮልቄ አላይም። በምንም መልክ ብትመጪ አልፈራሽም ብል ደስ ይለኝ ነበር። እፈራለሁ፣ ኮከብ።

ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው፤ ኢስሃቅ ከዲሱ እስከጾመ ድረስ ብሏልና ጠዋት ወተቱን ደፉ ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለተኛ መዋሸት አልችልም፤ አማልም ሁለተኛ አፉን አትጠርግልኝም፣ እናት ናት። ያለሽበትን አላውቅም፣ ያለሽበትን ሁኔታም አላውቅም። ብቻ ከቻልሽ፣ በሞቴ፣ ዓርብን ጹሚልኝ።

ጎረቤትሽ፣ እህትሽ
እየሩስ