ከባሕር ወለል የመጣው ጉልቻ

ልጄ ነሲባ፣ አላህ በባሕርም በየብስም ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ጦርነቱን ተርፈናል። እዚህ መርሳ ከተማ ስልክ ገና ስላልተመለሰ ይህን ደብዳቤ በሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ።

ግን አንጀቴ አሯል። ልጆች እንዲማሩበት በምርምር መርከብሽ ከውቅያኖስ ወለል አውጥተሽ ለትምህርት ቤቱ የላክሽውን ጥቁር ድንጋይ፣ እዚያ ሰፍረው የነበሩት ተዋጊዎች ጉልቻ አድርገውት አገኘሁት! ዴስኩን ማገዶ አድርገው ወጥ ሠርተውበታል። ጥላሸቱን ፈትጌ ለመምህር ኡበይደላ መለስኩለት።

እሱም ልጆቹን ዛፍ ሥር ሰብስቦ፣ ምድር ከባሕሩ በታች ተሰንጥቃ አዲስ ድንጋይ እንደምታወጣ አንቺ እንደነገርሽን ነገራቸው። አንዲት ልጅ «እዚያ ታች ሰው አለ?» አለችው። «የለም» አላት።

«እንግዲያው እኛን እዚያ ውሰዱን» አለች።

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ልጅን እንዲህ ባሰኘው ጦርነት ተናድጄ ተነሳሁ።

አላህ በደህና ያገናኘን። ድንጋዩን የላክሽው አንቺ ነሽ፤ መልሱንም ለልጅቷ አንቺው ላኪላት።

እናትሽ ረሂማ