ለእሜቴ የጠቀጠቅኩት ጆንያ

ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ምግቡስ ይስማማዎታል? ደረትዎን ያልጠየቅኩት ረስቼው አይደለም፤ ለብቻው እመለስበታለሁ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ፣ እሜቴ ፍየልዎ ታማብኛለች። ሳልደብቅዎ ልንገርዎት፣ ያሳመምኳት እኔው ነኝ። ይህችን እስክጽፍ ድረስ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ አይቻት መጣሁ። እናቴ «ወይ ጻፊ፣ ወይ ፍየልሽን ጠብቂ» ብላ ተቆጣችኝ።

ባለፈው ደብዳቤዎ የመጋዘኑ የጥበቃ ክፍል እንደበረደዎት፣ መስኮቱን በጆንያ ጠቅጥቀው ከሰል ካያያዙ ወዲህ ግን ምድጃ ዳር እንደተኛች ድመት እንደተመቸዎት ጽፈውልን ነበር። እኔም አባቴ ብልሃት አያጡም አልኩ። እዚህም ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሜቴ ደግሞ እርጉዝ ናት፣ መውለጃዋ ተቃርቧል። ስለዚህ ከጋጣው ጣሪያ ሥር የተዉትን ክፍተት ሁሉ በጆንያ ደፈንኩት። ድሮም ያን ክፍተት ባየሁ ቁጥር «አባባ ሥራ መጨረስ አይሆንላቸውም» እያልኩ አማዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

በሳምንቱ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ትን ያላት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አፍንጫዋ ይዝረከረክ ጀመር፣ ጎኗ እንደ ወናፍ ቶሎ ቶሎ ይነሳል ይወድቃል። ያቺ የእናቴን ቀሚስ ጫፍ ሳይቀር የምታኝክ ፍየል ቅጠል ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች። እኔ ሞኟ፣ ብርዱ ነው ብዬ ሌላ ጆንያ ጨመርኩላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ መልቀሙም ቀረብኝ።

የከብት ሐኪሙን አስጠራሁ። ገና ሳይነካት ተንበርከኪ አለኝ። አፍንጫሽን ከእሷ አፍንጫ እኩል አድርጊና ተንፍሺ አለኝ። አባባ፣ የሽንቷ ሽታ ዓይኔን አቃጠለው፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ፤ አንዴ ስቤ ሁለተኛውን መሳብ አቃተኝ። ቆሜ ስጠርግ ይህን ያህል አልተሰማኝም ነበር። እሷ ግን ታች ተኝታ ውላ አድራ የምትስበው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ሙቀት ሰጠኋት ብለሽ አየር ነሳሻት አለኝ። ያን ክፍተት የሠራው ማነው ብሎም ጠየቀኝ፤ አባቴ ናቸው ስለው፣ እሳቸው አውቀው ነው የተዉት አለኝ። አፈርኩ።

ሳንባዋን ይዟታል፤ ለአምስት ቀን መርፌ አዞላታል። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ እርጥቡን ጉዝጓዝ አውጥቼ ደረቅ ጭድ አነጠፍኩላት። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ጠዋት ሁለት ቅጠል በላች፣ ሦስተኛውን ተፋችው። ትድናለች ብዬ ልምልልዎት አልችልም፤ የሆዷንም ነገር ሐኪሙ ቆይተን እንየው ነው ያለው።

አሁን ወደ ደረትዎ። ደብዳቤ የሚያመላልስልን የጭነት መኪናው ሾፌር ትናንት ሁሉን ነገረን። ሳልዎ ከመጋዘኑ በር ድረስ ይሰማል አሉ። ጠዋት ሲነሱም ራስዎን እያዞረዎት ግድግዳ ይዘው ነው አሉ። እሜቴን የጎዳት ሽንቷ ነው፤ እርስዎ ግን ዘግተው የሚተኙት ከከሰል ጋር ነው። ከሰል እኮ በተዘጋ ቤት ሰውን እንዳስተኛ ያስቀረዋል። ለፍየል አየር የተዉ ሰው ራስዎን እንዴት አየር ነሱ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እባክዎ ከሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እፈራለሁ አባባ፣ በጣም እፈራለሁ።

እናቴ ሰላም ብላዎታለች፤ ስትቆጣ የምትውለው ስለናፈቋት ነው። ታናሽ እህቴ ጉልበትዎን ትስማለች፤ የእሜቴን መርፌ ስታይ እሷ ናት የምታለቅሰው። አብሮዎት ለሚጠብቀው ለጎፈሬው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ እሱም መስኮቱን እንዳይዘጋብዎ አደራ በሉት።

ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፣ ልጨርስ። ለእሱ የሰጠሁት አደራ አንድ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ያን የመስኮትዎን ጆንያ ይዞልኝ ይምጣ። ደብዳቤ ባይጽፉም ግድ የለኝም። ጆንያውን በእጄ ካልያዝኩ ግን እሜቴን ለእናቴ ትቼ ራሴ መጥቼ እነቅለዋለሁ።

ልጅዎ፣
ከጋጣው ደጃፍ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን