ከፎቶው ጀርባ ያለው መጋረጃ

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዳሌዋ ገጠመላት ወይ? ደግፈሽ መስኮቱ ድረስ አደረስሻት ወይስ አሁንም አልጋዋ ላይ ሆና ሐኪሙን ትሳደባለች? ከተሳደበች ደህና ናት ማለት ነው። እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው እንቅልፍና ምግብን ካልቆጠርሽብኝ ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤን ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስደውል ስልክሽን የምታነሳው እማዬ ናት፤ ድምፄን ከሰማች ደግሞ ምን ሆነሻል ብላ ሳታናዝዘኝ አትለቀኝም። መልእክት እንዳልልክልሽ፣ ወደ ስልክሽ የሚመጣው ሁሉ ቤታችሁ ያለው ኮምፒዩተር ላይም ይከፈታል። የተማሪዎችሽ ወላጆች ሲጽፉልሽ እንዳያመልጥሽ ብለን እኛው ነን ያገናኘነው። ስለዚህ ይኸው ብዕር አነሳሁ። ወረቀቱን የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን ሾፌር ነው። ለእማዬ ያልሽኝንም ቅባት አብሬ ልኬዋለሁና እሷ ፊት ቅባቱን ብቻ አውጪ።

ወሬዬ የሥራ ወሬ ነው። ባለቤትሽ፣ ጋሼ፣ የትምህርት ቤታችሁን የኢንተርኔት ገጽ በአዲስ መልክ እንድሠራው አዞኛል። ትምህርት ቤት ስል ራሴን ያስቀኛል፤ ስልክሽን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፈሽ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለሰው ልጆች መደመርና መቀነስ ስታስተምሪ ትዝ ይለኛል። ያ አድጎ ይኸው መልክ ይለወጥለት ተባለ። እኔም ደስ ብሎኝ የዘንድሮውን ፋሽን ልይ ብዬ ገበያውን አሰስኩ።

ብታይው ትስቂያለሽ። በኢንተርኔት የሚያስተምሩት ትንንሽ ድርጅቶች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ቀለሙ ታጥቦ ታጥቦ የነጣ ጨርቅ ነው። ፊደሉ አብጦ የገጹን ግማሽ ይዟል። የሳጥኑ ጠርዝ በሙሉ፣ ሕፃን ግንባሩን እንዳይመታው የተባለ ይመስል፣ ክብ ክብ ተደርጓል። ትናንት የልጅ ሥራ ነው ብለው ይጥሉብኝ የነበረው በእጅ የተሞነጫጨረ መስመር ዛሬ ከቀጥታው በልጦ ይወደዳል። አንቺ ሰባት ቁጥር ላይ የምትቀጥዪያት ጭራ እንኳ አሁን ፋሽን ናት። ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚፈልገው ሰው ነው። ያ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጥርሱን የሚያሳየው፣ ፎቶው ከየት እንደተገዛ የማይታወቅ ሰውዬ ጊዜው አልፎበታል። ወላጅ ልጄን የሚያስተምረው ማን ነው ብሎ ፊት ይፈልጋል። ይሄማ የእኛ ነገር ነው አልኩ፤ ያንቺን የመሰለ ፊት እያለን።

ጋሼ ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። የዘንድሮ ፋሽን ቅርጽ ብቻ ነው፣ ሰዎቹን ከገጹ አውጪ አለኝ። ሙያዬን እኔን አስተማረኝ ልበልሽ? ሁለታችሁ ሰሌዳው ፊት የቆማችሁበትን ፎቶ ታስታውሺያለሽ፣ እኔ ያነሳኋችሁን። ከዚያ ላይ አንቺን ቆርጬ እንዳወጣና እሱን ብቻውን ከገጹ ግርጌ፣ “መሥራች” ከሚለው ቃል አጠገብ እንዳስቀምጠው ነገረኝ። ለምን ስለው፣ እማዬ ጋ እስከ መቼ እንደምትቆዪ አይታወቅም፣ ወላጆች የሌለች አስተማሪ እያዩ የት ሄደች እንዳይሉን ነው አለ። ላይ ላዩን ሲሰሙት ልክ ነው። እኔም ልክ አስመሰልኩት።

ቆረጥኩሽ እታለም። ሥራዬ ነው፣ እጄ ለምዶታል። ፀጉርሽን በጥንቃቄ፣ ከዚያ አንገትሽን፣ ከዚያ ቀሚስሽን። ስጨርስ ጣቶችሽ ቀሩ። ትከሻው ላይ ጣል አድርገሽው የነበረው እጅ፣ ክንዱ ሄዶ ጣቶቹ ብቻ ኮቱ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ከኮቱ ጨርቅ ቆንጠር አድርጌ እሸፍናቸዋለሁ፣ ምንም ሥራ የለውም። ያን ቀን እጄ እምቢ አለኝ። እንዲያው እንዳሉ ላኩለት። አየው፣ አጉልቶም አየው፣ ጥሩ ነው አለኝ። ጣቶችሽን አላያቸውም።

አሁን የምነግርሽ ነው የሚያንገበግበኝ። ላንቺ የተሟገትኩ መስሎኝ ሄጄ ተከራከርኩት። የተገናኘነው ካፌ ነው፤ ሰሞኑን ቤት ነይ አይለኝም፣ ቀጠሮው ሁሉ ውጭ ሆኗል። የሌሎቹን ገጾች እየከፈትኩ አሳየሁት። ሰው የሌለበት ገጽ የተዘጋ ሱቅ ይመስላል አልኩት። ወላጅ የሚመዘገበው ፈገግ ያለች፣ ቤቷ ሆና የምታስተምር የምትመስል ሴት ሲያይ ነው አልኩት። የሻይ ማንኪያውን እያሽከረከረ ብዙ አሰበና፣ “ልክ ነሽ፣ ፊት ያስፈልገዋል” አለኝ። ረታሁት ብዬ እንደ ልጅ እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ፎቶ ላከልኝ። ያንቺ አይደለም። ለጊዜው አንቺን የምትተካ አስተማሪ ናት አለ። ወጣት ናት፣ ፊቷም ደግ ነው፣ አልዋሽሽም። አንቺ የቀዳሻቸው ትምህርቶችም በሷ ድምፅ እንደገና እየተቀዱ ነው። ከኋላዋ የሚታየውን አጥፍቼ፣ ፈዛዛ ቢጫ ክብ ውስጥ እንዳስገባት አዘዘኝ። ይሄም ፋሽን ነው፣ ያሳየሁትም እኔው ነኝ። ባንቺ ስም የተከራከርኩለት ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀመጠች።

ኋላዋን አጠፋሁ። እኛ ስንሠራ የምንጥለውን አናይም፣ ዓይናችን የሚቀረው ላይ ነው። ያን ቀን ግን የምጥለውን አየሁት። መጋረጃ ነው። ሰማያዊ ሆኖ አበቦቹ ቁልቁል የተዘቀዘቁ። ሠርግሽ ሲደርስ እኔና አንቺ ጨርቁን ገልብጠን ይዘን ሰፍተን ሰፍተን፣ ከጨረስን በኋላ አይተን ወለሉ ላይ እየተንከባለልን የሳቅንበት። ግድ የለም፣ ተኝቼ ሳየው ይቃናል ብለሽ እንደዚያው ሰቀልሽው። እንዲህ ያለ መጋረጃ ሌላም ቤት ይኖራል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ጨርቁስ በየሱቁ ሞልቷል፤ ገልብጦ የሚሰፋው ግን ከእኛ ሌላ ማን አለ?

ይህን ሁሉ የቀባጠርኩት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ያ መጋረጃ አሁንም መኝታ ቤታችሁ ነው? ወይስ ከመሄድሽ በፊት አውርደሽ፣ አጥበሽ፣ ማስተማሪያው ክፍል ሰቅለሽው ነበር? እንደዚያ ከሆነ ይሄን ወረቀት ቀዳደሽ ጣዪና ሳቂብኝ። እኔም ከልቤ እስቃለሁ፣ ጋሼንም በሆዴ ስላማሁት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሰውን ያለ ጥፋቱ መጠርጠር ኃጢአት ነው፣ ይሄን አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ብሳሳት እንዴት ደስ ባለኝ።

እስከዚያው ሥራውን እየጎተትኩት ነው። አንድ ቀን ቀለሙ አልያዘልኝም እላለሁ፣ ሌላ ቀን ፊደሉ ተዛባ፣ ሌላ ቀን ኮምፒዩተሬ ታመመ። የገጹን የይለፍ ቃል ቀይሬ አዲሱን ለሱ ብቻ እንድሰጠውም ነግሮኛል፤ አልቀየርኩትም። ትናንት ግን እየሳቀ፣ ካልቻልሽ ሌላ ሠሪ ልፈልግ እንዴ አለኝ። ሌላ ሠሪ ከመጣ ጣቶችሽንም ያጠፋቸዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ክፍል ሲጀመር ገጹ ይከፈታል፣ ያኔ እኔም የምይዘው ሰበብ የለኝም።

አንዲት እናት ደግሞ ጽፋ ነበር። ልጄ፣ ሰባት ላይ ጭራ የምትቀጥለዋ አስተማሪ ካልመጣች አልማርም አለች፣ የት ሄደች ብላ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፍቶኝ እስካሁን አልመለስኩላትም።

እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ፈጣሪ እሷን በእግሯ ያቁምልን፣ ላንቺም ጎጆሽን ይጠብቅልሽ። መጋረጃውን ያወረድሽው አንቺ ከሆንሽ አንዲት መስመር ጻፊልኝ፣ ትበቃኛለች። ካልሆንሽ ግን መልስ አትጻፊ። ሾፌሩ ሲመለስ አብረሽው ነይ። እማዬን እኔ መጥቼ አስታምማለሁ፤ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በር ሥር አስቀምጫለሁ።

ሁልጊዜም የምሳሳልሽ፣

ታናሽሽ