ስላጠቡልኝ የዲሪዬ ብርጭቆ

ለተከበሩ የሻይ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ሹም፤
ድሬዳዋ።

ክቡር ሆይ፤ በዚህ ሙቀት ከነኮትዎና ከነክራቫትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ በመጋላ ሰፈር ሻይ የማፈላዋ ሰምሰም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከደኅናም አልፌ ደስታ ላይ ነኝ፤ ይህን ደስታ ለእርስዎ ብቻ ሹክ ማለት ስስት ስለመሰለኝ ከተማው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከከዚራ ሰፈር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው ወደ ትንሿ ቤቴ መምጣትዎ ራሱ ክብር ነው። የሻይ ቅጠሌን ቆሻሻ ነው ብለው ከነቆርቆሮው አስወሰዱ፤ ባለ ሱቁ ሱሌማንም ቅጠል እንዳይሸጥልኝ አስጠነቀቁት፤ ከእንግዲህ በክር የታሰረ ከረጢት ብቻ እንድነክር አዘው፣ አንዱን ከኪስዎ አውጥተው በእኔው ብርጭቆ ነክረው፣ ጠጥተው አሳዩኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ከረጢቱ። የእኔ ቅጠል ከሄልና ከቀረፋ ጋር ሲፈላ ይገላበጣል፣ ይዘረጋል፤ ጠጪው ምን እንደሚጠጣ በዓይኑ ያያል። የእርስዎ ሻይ ግን ነጭ ለብሶ፣ አንገቱን ታስሮ ይወርዳል፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቁት አላህና ያሰረው ሰው ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሳየው የተከፈነ ሰው መሰለኝ። ባለቤቴ ዲሪዬ ያላገኘውን ከፈን ሻይ ማግኘቱ ለከተማችን ትልቅ እድገት ነው።

፪ኛ/ ስለ ብርጭቆው። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ወሬ እንደማበዛ መላው መጋላ ይመሰክራል። እኛ የባቡር ሠራተኛ ሚስቶች፣ ባል ለመንገድ ሲነሣ ሻይ የጠጣበትን ብርጭቆ አናጥብም። ቅጠሉ ከሥሩ እንደተኛ ይጠብቀዋል፤ ሲመለስ ይታጠብና ትኩስ ይቀዳለታል። ዲሪዬ ፍሬን ያዥ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሻዩን ጠጥቶ ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ባቡሩ ተመለሰ፣ እርሱ አልተመለሰም። ሬሳም ወሬም አልመጣልኝም። ብርጭቆው ግን ቅጠሉ ከሥሩ እንደደረቀ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ክቡርነትዎ አንሥተው አሸተቱት፤ ላስረዳዎ አፌን ስከፍት ዝም እንድል ነገሩኝና፣ በራስዎ እጅ በሳሙና አጥበው፣ በራስዎ መሐረብ እስኪያበራ ወለወሉት።

እርስዎ እንደወጡ ጎረቤቴ ሃዎ ብርጭቆውን ታጥቦ ተደፍቶ አየችው። በሩን እንደያዘች ቀረች።

«ሰምሰም፣ ዲሪዬ መጣ እንዴ?» አለችኝ።

መጥቷል፣ ክቡር ሆይ። በማግሥቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ ባቡሩ ሲጮህ፣ የበሩ መጋረጃ ያለ ነፋስ ተገለጠ፤ የጭስና የቅባት ሽታ ገባ፤ ጥግ ያለው ወንበሩ ሲሳብ ሰማሁ። ሳሉም የራሱ ነው፦ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ዱዓ አድርጌ ያልሆነልኝን፣ እርስዎ በአንድ ሳሙና ፈጸሙልኝ። እጅዎ ይባረክ።

፫ኛ/ ታዲያ ምን ላጠጣው? የከረጢቱን ነክሬ ባቀርብለት አይነካውም፤ ብርጭቆው እንደሞላ ይቀዘቅዛል። እስከ ቅዳሜ በየቀኑ መጥቶ ጠበቀ። እሑድ ወንበሩ አልተሳበም፤ ሳሉን የሰማሁት ከደጃፍ ነው። ትናንት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ሊሰማ ላይሰማ። አንድ ጊዜ ሲሄድ ሸኝቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ለመሸኘት ጉልበት የለኝም። ከወሰዱት ቆርቆሮ አንድ ጭብጥ ቅጠል ብቻ ይመልሱልኝ፤ ለሽያጭ አይደለም፣ ለአንድ ብርጭቆ ነው። ካላመኑኝ አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ይቆጣጠሩ፤ ከአጠገቡ ባዶ ወንበር አለ።

ንጽሕናዎ ከእኔ ቤት አልፎ ለሌላውም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ እርስዎ ባጠቡት ብርጭቆ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ በታላቅ አክብሮት የጻፍኩልዎ፣

የዲሪዬ ባለቤት፣
ሰምሰም መሐሙድ
መጋላ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በመጪው ሰኞ ለሥራ በባቡር ወደ ጅቡቲ እንደሚወርዱ ሰማሁ፤ መንገዱን ያቅናልዎ። ሃዎ ደግ ሴት ናትና፣ እኔ ቤት የጠጡበትን ብርጭቆ ሳይታጠብ እስኪመለሱ ልታስቀምጥልዎ ፈልጋ ነበር። ከሥሩ አንዲት ቅጠል እንኳ አጣች፤ ከረጢቱን በክሩ ጎትተው የጣሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። የሚጠብቅዎ ነገር ስላላገኘንበት አጠብነው።