ፎርማጆ ያሳደደው ሚኒስትር

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ። ቀትር

ባቡሩ ሞልቶ አለፈኝ። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ። ሬዲዮ ጣቢያችን ስደርስ ሁሉም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። ብሩክ ጠርቶ አሳየኝ። አለቃዬ ነው፤ ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። እንግሊዝ አገር ነው። ከዳገት አናት ላይ ክብ ፎርማጆ፣ የፈረንጅ አይብ፣ ቁልቁል ይለቃሉ፣ ሰው እየተንከባለለ ያሳድደዋል። የቆየ የገጠር ጨዋታ ነው አሉ። ዘንድሮ አንድ ሚኒስትር ገባበት። ከነክራባቱ! ገና ሲነሳ እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች። ጭቃው ላይ ተቀምጦ ለካሜራው አውራ ጣቱን አነሳ።

እኔም ሳቅሁ፣ ማስታወሻዬ። አልዋሽሽም።

የዛሬው የውጭ ዜናችን ይኸው ነው አለ ብሩክ። ሦስት ደቂቃ፣ ከሥሩ ሙዚቃ። ድሮ ሩብ ሰዓት ነበረኝ። ተቆርሶ ተቆርሶ እዚህ ደረሰ።

ልተረጉም ስቀመጥ ከታች አንዲት አጭር ወሬ አየሁ። ይኸው ሚ/ር የሚመራው መ/ቤት፣ በዚያው ዕለት ጠዋት፣ በየከተማው ያሉ የአረጋውያን መጦሪያዎች እንደሚዘጉ አስታውቋል። ነዋሪዎቹ «ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ»። የት? አልተጻፈም። ፎቶ የላት፣ ቪዲዮ የላት። ማን ያያታል?

መጨረሻው ላይ በአጭሩ ጨመርኳት። ብሩክ አነበበና እንዳወጣት በትሕትና ለመነኝ። ሳቁን ታቀዘቅዛለች አለ። አወጣኋት። የቀረውን አነበብኩ። ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ። ከሥራ መልስ

ሰው መንገድ ላይ ያቆመኛል። «የፎርማጆዋ!» እያለ። ያን ሁሉ ዓመት ስንት ጦርነትና ስንት እርቅ ሳነብ በድምፄ ያወቀኝ አልነበረም። ዛሬ ባለሱቋ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የሕንፃችን ጥበቃ ሳይቀር። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ቤት ገብቼ በመስኮት ታች አየሁ። ግቢያችን የነበረው መኪና ማቆሚያው ጋ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ መለያ የሚሆን ነገር አልቀረም።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር። የዜና ሰዓት ሲደርስ የስፌት መኪናውን ያቆምና ሬዲዮኑን መስኮት ላይ ያወጣዋል፣ ጎረቤት እንዲሰማ። እማማ ብርሃኔ ከነወንፊታቸው ይመጣሉ። ባለሱቁ ጋሽ ከድር በሩን ገርበብ አድርጎ። ከዚያ የጋሽ ታደሰ ድምፅ! የውጭ ዜና የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ፤ ኋላ ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው። እሳቸው ሲያነቡ እኛ ልጆቹ እንኳ ኮሽ አንልም።

አንድ ሰሞን እንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ ተባለ። ጋሽ ከድር ልጆቻቸው ምን ይበላሉ እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ። በመጨረሻ፣ ዕድሩ ትንሽ ነገር ቢያዋጣላቸውስ አለ። ማንም አልሳቀበትም። አባባ ብቻ፣ በማን እንልክላቸዋለን ብሎ ጠየቀ። ከምራቸው ሲመክሩ አመሹ።

እንዲህ ያለ ሰሚ ነበረን። አሁን አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አባባና ጋሽ ከድር አፈር ውስጥ። እኔ ዕጣ ደርሶኝ እዚሁ ቀረሁ። ግን ቀረሁ ይባላል?

ግንቦት 24፣ እሑድ

አብነት ሰፈር፣ ጋሽ ታደሰ ቤት። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። እሑድ እሑድ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። የፎርማጆውን ሰምተዋል። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠየቁኝ።

«ሰውዬው የምን ሚኒስትር ነው፣ ሰኒ?»

ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ሊሸፍን ተንከባለለ?»

የመጦሪያዎቹን ወሬ ተረክሁላቸው። እኔው በእጄ እንዳወጣኋትም። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ነገሩ አዲስ አይደለም አሉ። በሳቸውም ጊዜ የእንግሊዝ ሹም ምርጫ ሲደርስ በግ ይሸልታል፣ የሰው ሕፃን ይስማል፣ ቆብ ደፍቶ ጡብ ይደረድራል። ፎቶ አንሺ ካልመጣ ግን በጉም አይሸለት፣ ሕፃኑም አይሳም።

«ሬዲዮ ዓይን የለውም። የሸለተውን በግ አናይለትም፤ የወሰነውን ነው የምናነበው። የኛ ዕድል ዕውር መሆናችን ነበር» አሉና ነገሩ በራሳቸው ላይ እንደመጣ ሲገባቸው እንደገና ሳቁ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ወጥቼ እስከ ተክለ ሃይማኖት ታክሲ ሳልይዝ ሄድኩ።

ግንቦት 25፣ ሰኞ። ከሰዓት በኋላ

አነበብኳት!

አድማጮች ፎርማጆውን ይደገምልን ስላሉ ደገምኩ። ትንፋሽ ሳልወስድ መጦሪያዎቹን አስከተልኩ። ቀጥታ ሥርጭት ነው፤ ማን ይቆርጠኛል። ብሩክ ከመስታወቱ ማዶ ብድግ አለ።

ስልክ ከፈትን። የመጀመሪያው ደዋይ ስለ ክራባቱ ቀለደ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት።

«ከጀሞ ነው። እነዚያን ሽማግሌዎች የት ነው የሚወስዷቸው?»

አልተነገረም አልኳቸው።

«አንድ ላይ ነው ወይስ በየፊናቸው? ቤቱን አይደለም የምጠይቅሽ፣ ጎረቤቱን ነው። የኔም ቤት ያማረ ነው፣ አልዋሽም። መታጠቢያው ከውስጥ፣ ውሃው ሲመጣ ሙቅ። ግን ታምሜ ብውል ማን በሬን ያንኳኳል?»

ድምፁን አውቄዋለሁ።

«እማማ ብርሃኔ? ሰናይት ነኝ፣ የልብስ ሰፊው የደስታ ልጅ።»

«ታዲያ ማን ብዬ ነው የደወልኩት!» ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ስልኩ ዕረፍት አጣ። ከሰሚት፣ ከአያት፣ ከኮዬ። ስለ እንግሊዝ ይጀምሩና መሐል ላይ ስለ ራሳቸው ይሆናል። አንዱ የድሮ ጎረቤቱን በስም እየጠራ አፈላልጉኝ አለ። ብሩክ ሙዚቃውን አላስገባም። ቆሞ ይሰማል።

ኋላ ጠራኝ። ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ እንዲህ ላለው ዜና፣ አሥር ደቂቃ ለሙከራ እሰጥዎታለሁ አለኝ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ፦

«እትዬ ሰናይት፣ አያቴም ጀሞ ናት። ከደወልኩላት ቆየሁ።»

ግንቦት 27፣ ረቡዕ። ምሽት

አብረን እናንብብ ብዬ የጋበዝኳቸው ጋሽ ታደሰ መጡ። ድምፄ አርጅቷል፣ ሰው ይስቅብኛል ብለው ትናንት ሲያስቸግሩኝ ውለው ዛሬ ራሳቸው ቀድመው ለብሰው ጠበቁኝ። ያን የሥራ ዘመናቸውን ግራጫ ካፖርት። ከታክሲው ሲወርዱ ክንዴን ያዙ። ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ለቀቁኝ። ወንበሩን በእጃቸው አገኙት፣ ማይኩን በእጃቸው አገኙት፣ ከአፋቸው አንድ ክንድ አራቁት። የስቱዲዮው ልጆች ተያዩ።

እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ማን ወሰነ? ማን ተቃወመ? የነዋሪዎቹ ዘመዶች ምን አሉ? የማላውቀውን አላውቀውም አልኩ። ድምፃቸው ሰልሏል፣ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም እሱ ነው። ዓይኔን ስጨፍን መስኮታችን ታየኝ።

የደወለው ሰው ጥቂት። አንዱ ዘፈን መምረጥ ፈልጎ ተሳስቶ ነው። ጋሽ ታደሰ ይቅርታ ጠይቀው የዘፈኑን ስም ተቀበሉት!

ወደ አብነት መለስኳቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ፣ ሳምንትስ ስንት ሰዓት ነው የምትመጪልኝ አሉ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ልደታ። ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ መላወሻ የለም፤ ነጠላ በነጠላ። እማማ ብርሃኔ ከጀሞ መጥተው ቅጽሩ ጋ ተገናኘን። አጥሯል ቁመታቸው። ወይስ እኔ ሳላስተውል ቀርቼ ነው? ሲስሙኝ ያው የጥቁር አዝሙድ ሽታ።

በራችን የነበረበትን እንፈልግ አሉ። ተከራከርን። እኔ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ እሳቸው የለም፣ እዚያ ፋርማሲው ጋ ነው። የጋሽ ከድር ሱቅ በስተግራ ነበር ስል፣ ከየት ስትመጪ ነው ግራ የሚሆነው ብለው ረቱኝ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠን ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ካፊያ ጀመረ። አልተነሳንም። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን የቡና ሲኒ ተበድሮ እንዳስቀረ። ሲመሽ ታክሲ ላይ ሳሳፍራቸው፣ ረቡዕን አልቀርም አሉ፤ ሬዲዮ ያላቸው ሁለት ሴቶች ከፎቃቸው አግኝተዋል፣ አብረው ይሰማሉ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ

ሰውዬው እንደገና። ዛሬ አህያ ላይ ነው፤ በባሕር ዳርቻ፣ በልጆች ቆብ። መጦሪያዎቹን አስመልክቶ ምክር ቤት ሊጠየቅ በነበረበት ቀን! አህያዋ አልሄድም ብላ ቆመች። ዓለም ሁሉ ስለ አህያዋ ያወራል። ጥያቄው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል፤ ይህን የሚያወራ የለም።

ብሩክ አስጠራኝ። ፊቱ ልክ አይደለም። ከበላይ ተወስኗል አለ። የጠዋቱ ሳቅ ወደ ግማሽ ሰዓት ያድጋል፣ ርእሱ ላይ የኔ ስም ይገባል፣ ፎቶዬ መንገድ ላይ ይሰቀላል። ግን አንድ ሰው ሁለቱን አይዝም። ጠዋቱን ከያዝኩ ረቡዕ ይታጠፋል። ረቡዕን ካልኩ ያለችኝ አሥር ደቂቃ ናት፤ እሷም እስከ መቼ እንደምትቆይ ዋስትና የላትም። እስከ ማታ አስበው ይንገሩኝ አለ።

ሜክሲኮ ቆሜ አሰብኩ። ፎቶዬ ተሰቅሎ ታየኝ፤ አልጠላሁትም። አባባ ቢያይ እንዴት ይኮራ ነበር አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ አባባ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ የሚያወጣው የማንን ድምፅ ብሎ ነው? ለአህያ ብሎ የስፌት መኪናውን ያቆም ነበር?

ደግሞ ያለፈው አይመለስም፣ ማስታወሻዬ። አውቃለሁ። ግቢው አይመለስም፣ በሩ የት እንደነበር እንኳ ጠፍቶናል። ግን ጀሞ ላይ ሦስት ሴቶች አንድ ሬዲዮ ከበው ይቀመጣሉ። አብነት ላይ አንድ ሽማግሌ ካፖርቱን ያስጠርጋል።

ወስኛለሁ። ሳቁን ሌላ ሰው ይተርጉመው፤ ከኔ የተሻለ የሚያስቅ አይጠፋም። እኔ ረቡዕን እይዛለሁ፣ እስከ ቆየች ድረስ። እስከ ማታ ምን አስጠበቀኝ? አሁኑኑ እየደወልኩለት ነው። ይጠራል። አነሳ። ብሩክዬ፣ ስማኝ እንጂ፤ ረቡዕ የኔ ናት።