መስቀል ይለፍና ይነቀላል

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

…ጉንጩን በጋቢው ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እግሩ ውስጥ። ወደ ቡታጅራ ሊወስደው የጎረቤት ፈረስ ተጭኖ ደጅ ይጠብቃል። ከውስጥ አንድ ሰው አንድ ነገር ተናገረ። አባቴ እግሩን መለሰ። በሩ ተዘጋ።

ማን እንደተናገረ አላስታውስም። ምን እንዳለም አላስታውስም።

ዛሬ ይህ የመጣብኝ ዶክተሯ ጥርሴን በብረት ስትነካው ነው። ከታች፣ በግራ፣ የመጨረሻው መንጋጋ። ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ወጣና ዓይኔን ስጨፍን አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ወልቂጤ ከመጣች ብዙም አልቆየች። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ሥሩ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር አሳየችኝ። መግል ይዟል አለች። መድኃኒት ልጀምር፣ ሰኞ ልምጣ፣ ይነቀላል። ከበዓሉ በኋላ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ጥርሱ የእርስዎ ነው። የእኔ ቢሆን ግን አላቆየውም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ የሚከለከለውን ነገረችኝ። ትኩስ ነገር የለም። በዚያ በኩል ማኘክ የለም። ከሁሉም በላይ መትፋት የለም፤ ቁስሉ ላይ የረጋው ደም ከተነሣ መድማቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት።

ምን ልበላት? አገር ቤት ምራቄን እየጠበቁ ነው ልበላት?

እሑድ፣ መስከረም 11

እናቴ ደወለች። ልብ ብዬ ነበር፤ በስልክ የምትጮኸው ነገሩ ቀላል ሲሆን ነው። ዛሬ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ዘንድሮ አንተ ነህ» አለችኝ።

አውቃለሁ። በእኛ ቤት የመስቀል ዕለት ጠዋት ክትፎው ሳይነካ በፊት የቤቱ ታላቅ ወንድ ምሰሶው ሥር ይቀመጣል። ይመርቃል። ከዚያ ከትልቅ እስከ ጡት ጠቢ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ይቀርቡታል፤ በየራሳቸው ላይ እንትፍ ይላል። ምርቃቱ የሚይዘው በዚያ ነው ይላሉ። አያቴ፣ ከዚያ አባቴ፣ አባቴ ሲሞት አጎቴ ጋሽ ወልዴ። ጋሽ ወልዴን ሚያዝያ ላይ ቀበርነው። ወንድም የለኝም። እኔ እንቢ ካልኩ ሰው ከጎረቤት ይጠራል። እናቴ ይህን አትችለውም።

የቤቱ ሕግ ደግሞ አለ። ደም ያለበት አፍ አይመርቅም። ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ድዱ የሚደማ፣ ጥርሱን የነቀለ። በልጅነቴ እንደ ተረት እሰማው ነበር።

ጤናዬን ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። አነጋገሬን አዳመጠች።

«አፍህ ውስጥ ምን አለ?»

«ከረሜላ።»

እንግዲህ ኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ እሑድ ጠዋት ከረሜላ ይመጥጣል። አመነችኝ መሰለኝ። ወይም አላመነችም።

ሰኞ፣ መስከረም 12

ጠዋት በመምህራን ክፍል ከድር ጉንጬን አየና ጣቱን ቀሰረብኝ። ሒሳብ ያስተምራል፤ ሁለታችንም ወንደላጤዎች ስለሆንን ምሳ አብረን ነው የምንበላው። በአንድ በኩል ወፍረሃል አለኝ። በዓል ሳይደርስ አበጠ ብሎ ለሌሎቹ አወጀ። ጥርስ ልነቀል ነው ስለው አልተጨነቀም። ክትፎ እኮ ድሮ የተፈለሰፈው ለእናንተ ለጥርስ አልባዎቹ ነው፣ አንተ ለመዋጥ ብቻ ተዘጋጅ አለኝ።

ስቄ አመመኝ።

የመብላቱ ነገር አይደለም አልኩት። የምርቃቱን ነገር ነገርኩት። ቀልዱን ተወ።

«ኢንሻአላህ ይሻልሃል። ግን አላህ የሰጠህን ዶክተር አታስቆማት» አለኝ።

ከትምህርት በኋላ ክሊኒኩ ሄድኩ። ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት ነበረች፤ ገባች። ከውስጥ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ሳህን ላይ የሚጣል ብረት።

በሐሳቤ እንዲህ አልኩ፤ ዛሬ ቢነቀል እስከ ቅዳሜ ይደርቃል። ባይደርቅስ? ጎንበስ ያለ ሕፃን ራስ ላይ ደም ብተፋስ? መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፣ እብጠቱ ትንሽ ጎድሏል። ጎድሏል? በስልኬ መስታወት አየሁ። የጎደለ መሰለኝ።

ሴትዮዋ አፏን በጥጥ ሞልታ ስትወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዶክተሯ ስሜን ጠራች። ተነሥቼ መስቀል ይለፍና እመጣለሁ አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀዘቀዘኝ። የእኔ ቃል አልመሰለኝም። የሰማሁት ቃል ነው። የት?

ረቡዕ፣ መስከረም 14

ትናንት አልጻፍኩም። ትኩሳት።

አፌ ሙሉ አይከፈትም። ማንኪያ በጎን ነው የማስገባው። ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ጻፍኩ፤ ተማሪዎቹ ምን እንደሆንኩ በሹክሹክታ ይጠያየቃሉ። መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ ቅቤ የተሸከመ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ፣ መናኸሪያ የሚሮጥ። ወልቂጤ መስቀልን የምታከብረው ባዶ በመሆን ነው።

አባቴን አስባለሁ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ መስቀል ምሰሶው ሥር ተቀምጦ መረቀን። ጉንጩ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። ቃላቱ ጎርባጣ ነበሩ፤ ያልሰማነውን የሰማን እየመሰልን አሜን አልን። ጎንበስ ስል ምራቁ ራሴ ላይ ሞቀኝ። ከሌላ ጊዜ ይልቅ ሞቀኝ። አዋቂዎቹ ደስ አላቸው፤ ደም የለበትም፣ ምርቃቱ ንጹሕ ነው።

ከዚያ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ከዚያ መዋጥ አቃተው። ፈረሱ እንደገና ሲጫን መቀመጥ አይችልም ነበር፤ በቃሬዛ ወሰዱት። ኅዳር ሳይገባ ቀበርነው።

ስለ ጥርሱ ማንም አንሥቶ አያውቅም። እንዴት ሞተ ሲባል «ጉሮሮውን አሞት» ነው መልሱ። እኔም እንዲሁ ነው የምለው።

ነገ እሄዳለሁ። ይነቀል። ሌላው እንደሚሆን ይሁን።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ክሊኒኩ ተዘግቷል።

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። ረዳቶቿ ሁሉ አገር ቤት ሄዱ፣ ብቻዋን ምን ትሠራለች አለኝ። ከመስቀል በኋላ ይምጡ አለኝ። ጉንጬን አይቶ ቆሎውን ዘግኖ ሊሰጠኝ የዘረጋውን እጅ መለሰ።

ቆሜ ቀረሁ። ሰኞ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ። ስሜ ተጠርቶ ነበር።

ከድር መናኸሪያ ድረስ ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። መኪና ግን አልተገኘም። ቡታጅራ በመንገድህ ላይ ነው፣ ጥርስ ሐኪም አይጠፋም፣ ሳታስወጣው ቤት እንዳትገባ አለኝ። ማልልኝ አለኝ። እናንተ ዘንድ ከአላህ በቀር በሌላ መማል ክልክል አይደለም ወይ ስለው አንተ ዘንድ አይደለም አለኝ።

ማልኩለት።

ዓርብ፣ መስከረም 16፣ ደመራ

በአገና በኩል ወጣን። ተራራው ላይ ጉም ነበር፤ ከእንሰቱ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ያወራል። እኔ ጉንጬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ብርዱን እጠጣለሁ። መስታወቱ ላይ ያለው ፊት የአባቴ ነበር። ማበጥ ያመሳስላል።

ቡታጅራ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ክሊኒክ ክፍት አገኘሁ። ሐኪሙ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። አፌን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ።

«በመስቀል ማግስት ይህ ደጅ ጉንጩን በያዘ ሰው ይሞላል። ሁሉም ይለፍ ብሎ ነው። አንተ ቢያንስ በዋዜማው መጣህ» አለኝ።

ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ አልያዘም። መግል ባለበት አይዝም አለ። ያዘኝ፣ ጎተተ፣ ተሰነጠቀ፣ እንደገና ጎተተ። ሥሩ ሲወጣ የሆነ ነገር ከጆሮዬ ጀርባ ለቀቀኝ። አልቅሼ ነበር፤ በኋላ ነው ያወቅሁት።

በቃ። ወጣ። በሕይወት አለሁ።

ጥጡን ነክሰህ ቆይ። ዛሬም ነገም እንዳትተፋ አለኝ ሐኪሙ።

ከእንሴኖ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ የደመራው ጭስ በየመንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ታናሽ እህቴ አልማዝ ገና ከአጥሩ አየችኝ። ጋሼ ብላ ሮጣ መጥታ ልትስመኝ ስትል ፊቴን አዞርኩ። ጥጡን አየች። ወደ ቤቱ ዞራ አየች። ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

እናቴ ጉንጬን ሳመች፤ ደህናውን። ካበጠው ላይ ዓይኗን አላሳረፈችም። ቅቤ ያልነካው ጎመን፣ ልም ብሎ የበሰለ፣ ቀድሞ ተለይቶልኝ ነበር። ማን ነገራት? ያችው ከረሜላ።

ስንበላ አልማዝ የጓዳው በር አልገጥም ማለቱን አነሣች፤ እንጨቱ አብጧል፣ አናጢ ልጥራ ወይ አለች። እናቴ ጓዳ ነበረች። ከውስጥ፣ ሳትታይ መለሰች።

«መስቀል ይለፍና።»

እጄ ሞሰቡ ላይ ቀረ። ፈረሱ ተጭኗል። የአባቴ አንድ እግር ውጭ ነው። ያኔ አባቴን የመለሰው ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው፣ ከጓዳው፤ ቃሉም ያው ነው፣ ልክ እንዲህ ዝቅ ብሎ።

ጎመኑን በደህናው በኩል ዋጥኩት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 17፣ መስቀል

ትራሴ ላይ ደም አደረ። ገለበጥኩት።

ጠዋት ሁሉም ተሰበሰበ። የአጎቴ ልጆች፣ የልጆቻቸው ልጆች፣ አልማዝ ከሕፃኗ ጋር። ክትፎው በቆጮ ተከቦ ቀርቧል፤ ማንም አልነካውም። ምሰሶው ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ቆዳው ተነጥፎበታል።

አልቀመጥኩም። እናቴ አጠገብ ሄጄ በጆሮዋ ነገርኳት።

«እማ፣ ደም አለብኝ። ትናንት አስነቅዬ ነው። ሰው ይጠራ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ብዬ ነበር በሹክሹክታ የነገርኳት፤ እሷ ግን ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መለሰች።

«አውቃለሁ። ተቀመጥ።»

አንድ የአጎቴ ልጅ አፉን ሊከፍት ነበር፤ አልማዝ አየችውና ተወው።

ተቀመጥኩ። መረቅኩ። ቃላቱን አባቴ ካለው ነው ያወጣኋቸው፤ ጎርባጣ ሆኑ። ዓመት ዓመት ያድርሰን። የወጣ ይግባ፣ የታመመ ይዳን። ለተቀመጠው ሁሉ፣ ለሌለው ሁሉ። አሜን አሉ። በጣም በዝግታ አሜን አሉ።

ከዚያ መጀመሪያ የምትቀርበው እናቴ ናት። ታላቅ ናት። በጉልበቷ መጥታ ከፊቴ ጎንበስ አለች። ምላሴ ጉድጓዱን ነካ፤ የጨው ጣዕም። ሐኪሙ ያለኝን አስታወስሁ። ከንፈሬን ገጠምኩ፣ በእጄ ብቻ ራሷን ዳሰስኩ።

ቀና አላለችም።

«እንትፍ በልብኝ» አለች።

«እማ…»

«በልብኝ፣ ልጄ።»

እንትፍ አልኩባት።

ነጠላዋ ላይ አረፈ። ትንሽ ነው፣ ከምስር አይበልጥም፣ ቀይ። ቀና ብላ ነጠላውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። አፌ ሞልቶ ነበር፤ ዋጥኩ። ሕፃኗ አለቀሰች፤ አልማዝ አባበለቻት።

እናቴ ተነሣች። በመካከላችን አልፋ፣ ክትፎውን አልፋ፣ ወደ ጓዳ ገባች። በሩን ገፋችው፤ አልገጠመም። እንደገና ገፋችው። ተዘጋ።