ከቋሪት እስከ ፍኖተ ሰላም በሬዲዮ ያገናኙት የኢንጂነር ያይኔአበባ ደሴ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ያይኔአበባ ደሴ ከአባታቸው ከአቶ ደሴ ክንዱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስመኝ ወንዳወቅ ጥር 21 ቀን 1979 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ማንኩሳ ተወለዱ።

አንደኛ ደረጃን በማንኩሳ፣ ሁለተኛ ደረጃን በፍኖተ ሰላም ተማሩ። መምህር ሲሳሳት እጃቸውን አውጥተው ይናገሩ ስለነበር አንድ ጊዜ ወላጅ አምጪ ተብለው አባታቸው ከእርሻ ላይ ተጠርተው መጡ። አባታቸውም «ልጅቱ ዋሽታለች?» ብለው ጠየቁ። አልዋሸችም ሲባሉ ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። ይህ ጠባይ እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖሯል፤ ብዙም አስከፍሏቸዋል።

በ1998 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመረቁ፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውንም በመገናኛ ዘርፍ ሠሩ። በቡሬ ከተማ በአንድ ኮሌጅ በመምህርነት ሲያገለግሉ በ2005 ዓ.ም. ከአቶ ክንፈሚካኤል መልካሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ናሁሰናይን እና ውዳሴን ወልደዋል።

በ2016 ዓ.ም. በአካባቢው ስልክ ሲቋረጥ፣ በቋሪት ገጠር ያሉ ጤና ኬላዎች አምቡላንስ የሚጠሩበት መንገድ አጡ። ኢንጂነር ያይኔአበባ አስፈቅደው ከገበዘ ማርያም ከተማ ወዲህ ባሉት ጤና ኬላዎች ጣራ ላይ በፀሐይ የሚሠሩ ትናንሽ ሬዲዮዎችን ተከሉ። አንዱ ሬዲዮ የሰማውን ለቀጣዩ እያቀበለ፣ መልእክቱ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይደርስ ነበር።

እንቅልፍ የነሣቸው የማሰራጫው ኃይል ነበር። አንዱ የሬዲዮ ጣቢያ ከልክ በላይ ኃይል ከለቀቀ የጎረቤቱን ጆሮ ይደፍናል፤ ከሩቅ የሚመጣው ደካማ መልእክት ይዋጣል፤ ባትሪውም ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ሬዲዮዎቹ ከመካከል አዛዥ ሳይኖራቸው እርስ በርስ እየተጠያየቁ፣ ቀጣዩ ጣቢያ እስኪሰማቸው ድረስ ብቻ ኃይል እንዲጠቀሙ አድርገው አሰናዷቸው። ሥራው ሠመረ። በዚያ በጋ በሬዲዮው ጥሪ ለሐኪም የደረሱ እናቶች ዛሬ ከነልጆቻቸው በመካከላችን ቆመዋል።

በሰኔ ወር አንዱ ጣቢያ ያለበት ቀበሌ ኃላፊ ሬዲዮአቸው ከሌሎቹ ባነሰ ኃይል እንደሚሠራ ሰሙ። ለቀብሩ እንደሚመጡ ስለነገሩን ስማቸውን ትተነዋል። «የኛ ቀበሌ ከማን አንሶ ነው?» ብለው የኃይል ማስተካከያውን አዘግተው ኃይሉን እስከ ጫፍ አስጨመሩት። ጎረቤት ጣቢያ መልእክት ሲጠፋበት እሱም ጨመረ። ቀጣዩም እንዲሁ አደረገ።

ኢንጂነር ያይኔአበባ በጭቃው በየጣቢያው እየዞሩ ለመኑ። ለኃላፊውም «ጋሼ፣ ማነሱ ውርደት አይደለም። የርስዎ ሲበረታ ከታች ያሉት እኮ ሰሚ ያጣሉ» አሏቸው። የተሰጣቸው መልስ «አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ ቀበሌ አታስተዳድሪም» የሚል ነበር። ለበላይ አካልም አመለከቱ፤ ከክረምት በኋላ ይታያል ተባሉ።

ነሐሴ ላይ ወ/ሮ አቻምየለሽ የተባሉ የገበሬ ባለቤት ምጥ ጠናባቸው። የጤና ኬላዋ ባለሙያ ሠርክአዲስ ደጋግማ ተጣራች፤ መልእክቷ ከላይኞቹ ጣቢያዎች ጩኸት መሐል ጠፋ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟቸው ወጣ። ሕፃኗ በመንገድ ላይ በሰላም ተወለደች። እናትየው ግን ደም ፈስሷቸው አስፋልቱ ሳይደርሱ አረፉ።

አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። ኢንጂነር ያይኔአበባ ኃይሉን ማን እንደ ጨመረና ምን እንዳስከተለ ማስረዳት ሲጀምሩ «ይህን ያህል ዝርዝር አያስፈልግም» ተባሉ። ጥፋቱ በመሣሪያው፣ ስለዚህም በእርሳቸው ላይ ተወሰነ። ሬዲዮዎቹ ተነቅለው መጋዘን ገቡ። እርሳቸውም ከማስተማር ታገዱ። በገበያ የሚያውቋቸው ሰዎች ሰላምታ ነፈጓቸው፤ ሰው የገደለች መሐንዲስ ሲባሉ ልጆቻቸው ሰምተዋል።

ያን ጊዜ ደጃቸውን የረገጠው የሟቿ ባል አቶ ስመኘው ነው። ሕፃኗን ታቅፎ መጥቶ «ክርስትና ያንሡልኝ። ማን እንደ ገደለብኝ እኔ አውቃለሁ» አላቸው። ከታገዱበት ቀን ጀምሮ እንባ ያልወጣቸው ሴት በዚያ ቀን አለቀሱ። ሕፃኗንም ያምሮት ብለው ክርስትና አነሡ።

በ2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጸናባቸው። በባሕር ዳር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። እገዳቸው እስከዚያ ቀን አልተነሣም።

ትናንት ማምሻውን ከዚያው የበላይ አካል የምስጋና ምስክር ወረቀት ተልኮልን በቀብሩ ላይ እንዲነበብ ተጠይቀን ነበር። ባለቤታቸው «በቁሟ የነፈጓትን አሁን ለማን ልቀበል?» ብለው መልሰውታል። ስለዚህ አይነበብም።

ኢንጂነር ያይኔአበባ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን ወ/ሮ ስመኝን፣ ይህን የጻፉትን ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ቢሰጥ ደሴን እና የክርስትና ልጃቸውን ያምሮትን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ዘንድ ያኑርልን። የወ/ሮ አቻምየለሽንም ነፍስ አብሮ ይማርልን፤ ለእሳቸው የሕይወት ታሪክ የጻፈላቸው አልነበረምና።